የደንበኛው ጥያቄ የማን ነው?

ስለ ጋራ የሥራ ወረፋ አቋቋም፤ ከደሴና ከኮምቦልቻ የንግድ ሥራ የተገኘ ልምድ

በደሴ ሱቅ ከፍቶ በኮምቦልቻ መጋዘን የያዘ ነጋዴ ሁሉ አንድ ችግር ያውቃል። ደንበኛው የሚነጋገረው ከደሴው ሰው ጋር ነው፤ ዕቃውን የሚጭንለት ግን የኮምቦልቻው ሰው ነው። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ በሐረጎ ጠመዝማዛ በኩል ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። መኪና ይህን መንገድ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይጨርሰዋል። የደንበኛ ትእዛዝ ግን አንዳንድ ጊዜ ሳምንት ይፈጅበታል፤ አንዳንድ ጊዜም ከነጭራሹ ሳይደርስ በመንገድ ይቀራል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ የሚሆንበትን ምክንያት ማመልከትና፣ የደንበኞች ግንኙነት ማስተዳደሪያ በሚባሉት ሶፍትዌሮች ውስጥ የሚገኘው የጋራ የሥራ ወረፋ በምን አኳኋን ቢቋቋም ነገሩን ሊያቃና እንደሚችል ለክቡራን አንባብያን ማስረዳት ነው።

በቅድሚያ በምሠራበት የንግድ ቤት ከጥቂት ዓመታት በፊት የደረሰውን ልግለጽ። አንድ የወረኢሉ ባለሱቅ መውሊድ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሠላሳ ካርቶን ሳሙናና አሥራ አምስት ጀሪካን ዘይት እንዲላክላቸው በቴሌግራም ይጽፋሉ። የጻፉት ዘወትር ለሚያስተናግዳቸው ለሽያጭ ሠራተኛችን ነው። እርሱም «አብሽር» ብሎ ይመልስላቸዋል። በማግሥቱ ግን የእናቱ መርዶ ደርሶት ወደ አገሩ ወደ ተንታ ይሄዳል፤ ለቅሶ ላይ ያለ ሰው ስልኩን ዘግቶ መቀመጡም የሚያስወቅሰው አይደለም። ባለሱቁ ቢጠብቁ ዕቃ የለም። ወደ ኮምቦልቻ መጋዘን ቢደውሉ «ከደሴ ትእዛዝ አልደረሰኝም» ተባሉ። ወደ ደሴ ሱቅ ቢደውሉ «ልጁ ሲመለስ ይነግርዎታል» ተባሉ። በመጨረሻ መውሊድ ሦስት ቀን ሲቀረው ራሳቸው በአውቶቡስ መጥተው ከጠረጴዛዬ ፊት ቆሙና፣

«እኅቴ፣ እኔ ያዘዝኩት ንግድ ቤቱን ነው እንጂ ልጁን አይደለም። ለእናቱ ነፍስ ይማር፤ ግን ንግድ ቤቱም አብሮ ለቅሶ ተቀመጠ ወይ?» አሉኝ።

የምመልሰው አጣሁ። በዚያው ቀን ፒያሳ ካለ ሌላ ጅምላ አከፋፋይ ገዝተው ሄዱ፤ ከዚያም በኋላ ለአንድ ዓመት ያህል ደጃችንን አልረገጡም።

በዚያው ወር ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ደረሰብን። አንዲት የከሚሴ ነጋዴ ትእዛዛቸውን ጥዋት ለሱቁ ሠራተኛ፣ ከሰዓት በኋላም «እንዳይረሳ» ብለው ለመጋዘን ጠባቂው ይነግራሉ። ሁለቱም ትጉሃን ነበሩና ሁለቱም ፈጸሙ። አንዱ አይሱዙ ጭኖ ከሄደ በኋላ ሁለተኛው ያንኑ ዕቃ ጭኖ ተከተለው። ወይዘሮዋ ትርፉን ዕቃ በቅንነት መለሱልን፤ የመኪናውን ኪራይ ግን የከፈለው ንግድ ቤቱ ነው።

ሁለቱን ነገሮች አንድ ላይ የተመለከትናቸው እንደ ሆነ በሽታቸው አንድ ነው። በመጀመሪያው ጥያቄው በአንድ ሰው ኪስ ውስጥ ተቀብሮ ቀረ፤ በሁለተኛው ደግሞ ጥያቄው በሁለት ሰዎች እጅ ሳለ አንዱ የሌላውን አላወቀም። በሁለቱም ጊዜ «ይህ ጥያቄ በዚህ ሰዓት የማን ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ መልስ ሊሰጥ የሚችል መዝገብ አልነበረም። ስንፍና ነው እንዳይባል፣ ከሠራተኞቻችን አንዱም ከሰነፎች ወገን አልነበረም።

በመሠረቱ ይህ ችግር አዲስ አይደለም። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶቻችን መዝገብ ቤት የሚባለውን ክፍል ያቋቋሙት ስለዚሁ ነው። የገባ ደብዳቤ ሁሉ ቁጥርና ቀን ተሰጥቶት፣ ለየትኛው ክፍል እንደተመራ ተጽፎ ይሄዳል። ደብዳቤው የተጻፈው ለመሥሪያ ቤቱ ነው እንጂ ለጸሓፊው አይደለምና፣ ጸሓፊው ቢታመም ወይም ቢዛወር ደብዳቤው አብሮት አይታመምም፤ አብሮትም አይዛወርም። እኛ ነጋዴዎች ግን ለገንዘብና ለዕቃ እንጂ ለጥያቄ መዝገብ የማበጀት ልማድ አልነበረንም። በርግጥ መዝገብ ቤትም ቢሆን አንድ ጉድለት አለበት፤ ደብዳቤው ወደየትኛው ክፍል እንደሄደ ይነግረናል እንጂ፣ በዚያ ክፍል ውስጥ አንድ ሰው አንሥቶ ይዞት እንደሆነ ወይም በትሪ ላይ ተኝቶ እንደሆነ አይነግረንም። የጋራ የሥራ ወረፋ የሚባለው ይህን ጉድለት የሚሞላ ነው።

የደንበኞች ግንኙነት ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር ማለት በአጭሩ፣ ደንበኛው ማን እንደ ሆነ፣ ምን እንደ ጠየቀ፣ ማን ምን እንደ መለሰለት በአንድ ቦታ የሚጻፍበት የኮምፒዩተር መዝገብ ነው። ሴልስፎርስ፣ ማይክሮሶፍት ዳይናሚክስ፣ ዞሆ፣ ኦዱ የሚባሉት በዓለም ላይ ከታወቁት መካከል ናቸው። በነዚህ መዝገቦች እያንዳንዱ ጥያቄ ባለቤት ይኖረዋል። ዋናው ነገር ባለቤቱ ሁልጊዜ ሰው መሆን የማያስፈልገው መሆኑ ነው። በሴልስፎርስ ለምሳሌ አንድ ጥያቄ በወረፋው ስም ሊመዘገብ ይችላል፤ የወረፋው አባል የሆኑት ሠራተኞች ሁሉ ያዩታል፤ ከመካከላቸው አንዱ «ተቀበልሁ» ሲል ጥያቄው ከወረፋው ስም ወጥቶ በርሱ ስም ይዛወራል፤ ሌሎቹም መያዙን ያያሉ። በዳይናሚክስ ደግሞ አሠራሩ ትንሽ ይለያል፤ የጥያቄው ባለቤትና ለጊዜው የሚሠራበት ሰው በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ይጻፋሉ። ይህ ልዩነት ትንሽ ቢመስልም በኋላ እንደምገልጸው ለንግድ ቤት ትልቅ ነገር ነው።

ስለዚህ የጋራ ወረፋ ማለት ሥራው የሁሉም ነው ማለት አይደለም። የሁሉም የሆነ ሥራ የማንም እንዳልሆነ የምናውቀው ነው። አንድ ጥያቄ እስኪነሣ ድረስ የንግድ ቤቱ ነው፤ ከተነሣ በኋላ የአንድ ሰው፣ ያውም ስሙ የተጻፈ ሰው ነው። በነዚህ በሁለቱ መካከል ሦስተኛ ሁኔታ እንዳይኖር ማድረግ የአቋቋሙ ሥራ ሁሉ ነው።

ወረፋ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው መጉላላት ነው። ዳሩ ግን አንድ የጋራ ወረፋ ከብዙ ትናንሽ ወረፋዎች ይልቅ ፈጣን መሆኑ በሒሳብ የተረጋገጠ ነው። በኮፐንሃገን የቴሌፎን ኩባንያ ይሠራ የነበረው ዴንማርካዊው አግነር ኤርላንግ እ.ኤ.አ. በ1909 ስለ ቴሌፎን ጥሪዎች ያወጣው ጽሑፍ የዚህ ዕውቀት መጀመሪያ ሆኗል። የርሱን ስሌት በእኛው ሥራ እናሳየው። ሁለት ጸሓፊዎች አሉ እንበል። እያንዳንዳቸው በሰዓት 6 ደንበኛ ማስተናገድ ይችላሉ፤ ለእያንዳንዳቸውም በሰዓት በአማካይ 5 ደንበኛ ይመጣል። ደንበኞቹ ሳይቀጣጠሩ የሚመጡና የየጉዳዩም ርዝመት የተለያየ ስለ ሆነ፣ ሁለቱ ጸሓፊዎች የየራሳቸው ሰልፍ ካላቸው አንድ ደንበኛ ተራው እስኪደርስ በአማካይ 50 ደቂቃ ይጠብቃል። እነዚያው ደንበኞች በአንድ ሰልፍ ቆመው፣ መጀመሪያ ወደ ተለቀቀው ጸሓፊ ቢሄዱ ግን ጥበቃው ወደ 23 ደቂቃ ይወርዳል። ሠራተኛ አልተጨመረም፤ ማንም ከበፊቱ ይልቅ አልፈጠነም። የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አንደኛው ጸሓፊ ሥራ ፈትቶ ሳለ በሌላው ፊት ሰው የሚቆምበት ጊዜ ቀርቷል። በትልልቅ የባንክ ቅርንጫፎች ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት እየተሰጠን የምንቀመጠው በዚሁ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ አቋቋሙ እንግባ። ሶፍትዌሩን በጀመርንበት ጊዜ እኔ ራሴ ያደረግሁትን ስሕተት መናገር ለሌላው ይጠቅማል። ለአምስት ሠራተኞች አምስት ወረፋ፣ ለደሴ አንድ፣ ለኮምቦልቻ አንድ፣ በጠቅላላው ሰባት ወረፋ አበጀሁ። ሥርዐት ያለው መስሎኝ ነበር። ያደረግሁት ግን የየሰዉን ኪስ ወደ ኮምፒዩተር መገልበጥ ብቻ ነው። ከዚህ ስሕተት መጠበቅ የሚያስቸግረው አንዳንዶቹ ሶፍትዌሮች ራሳቸው የሚጋብዙ በመሆናቸው ነው፤ በዳይናሚክስ ለምሳሌ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ አንድ ወረፋ ያለ ማንም ትእዛዝ ይፈጠርለታል። ሁለት ወር ከደከምን በኋላ ሰባቱን አፍርሰን ሦስት አደረግናቸው። እነርሱም ትእዛዝ፣ ጭነትና ቅሬታ ናቸው። ወረፋ በሰው ስም አይቋቋምም፤ በሥራው ዐይነት ይቋቋማል። ሰው ይሄዳል፣ ይታመማል፣ ያገባል፤ የሥራው ዐይነት ግን በቦታው ይኖራል።

በትእዛዝ ወረፋ የደሴ ሠራተኞች ሁሉ አባል ናቸው። ደንበኛው በስልክ ቢናገር፣ በቴሌግራም ቢጽፍ፣ በሹፌር ቢልክ፣ ወይም ራሱ ቢመጣ፣ የተቀበለው ሰው እዚያው በዚያው ሰዓት በወረፋው ይመዘግባል። በሠራተኛው የግል ስልክ የገባ ትእዛዝ እስኪመዘገብ ድረስ እንዳልገባ ይቆጠራል። ይህ ደንብ በጽሑፍ ቀላል ሆኖ በሥራ ከሁሉ ይልቅ የከበደን ነው፤ ደንበኛ «አንተኑ ነው የምፈልገው» ብሎ የሚጽፍለት ሠራተኛ ደስ ይለዋልና።

ትልቁ ጣጣ ግን ያለው ትእዛዙ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲተላለፍ ነው። የመጋዘን ሰዎች እንደሚያውቁት አንድ ካርቶን ሳሙና ያለ ፊርማ ከመጋዘን አይወጣም፤ ያስረከበው ይፈርማል፤ የተረከበውም ይፈርማል። የሠላሳ ካርቶን ትእዛዝ ግን «ነግሬዋለሁ» በሚል ቃል ብቻ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ይወርድ ነበር። «ነግሬዋለሁ» ያለው ሰው እውነቱን ነው፤ «አልሰማሁም» ያለውም እውነቱን ነው፤ በመካከል የተጎዳው ደንበኛው ነው። ስለዚህ ለዕቃ የምናደርገውን ርክክብ ለጥያቄም እናድርግ ተባለ። ደሴ ያለው ሠራተኛ ትእዛዙን ወደ ጭነት ወረፋ ካሳለፈ በኋላም ከኀላፊነቱ አይወጣም፤ ከኮምቦልቻ አንድ ሰው በስሙ ሲያነሣው ብቻ ይወጣል። እስከዚያ ድረስ «አስተላልፌያለሁ» የሚል መልስ አያድነውም።

ከዚህም ጋር ኮምቦልቻ ያልተሟላ ትእዛዝ የመመለስ መብት ሊኖረው ይገባል። የደንበኛው ስምና ከተማ፣ የዕቃው ዐይነትና ብዛት፣ ገንዘቡ በጥሬ ወይም በባንክ ወይም በቴሌብር መግባቱ ወይም ዱቤ መፈቀዱ፣ በየትኛውም መኪና በምን ቀን እንዲጫን መፈለጉ ካልተጻፈ፣ የመጋዘኑ ሰው ምክንያቱን ጽፎ ወደ ትእዛዝ ወረፋ ይመልሰዋል። በመጀመሪያ ጊዜ መጋዘን ጠባቂያችን ይህን ለማድረግ አፈረ። ዕድሜው የገፋ፣ ጨዋ ሰው ነውና «የደሴን ሰው ሥራ መመለስ ነውር ነው» ብሎ ጎዶሎውን ትእዛዝ ይዞ ዝም ይል ነበር። በኋላ ግን ከተመለሱት ትእዛዞች ውስጥ ብዙዎቹ የዱቤ ፈቃድ የሌላቸው መሆናቸውን ስናይ፣ የርሱ ዝምታ ስንቱን ደንበኛ እንዳስጠበቀ ተረዳን። እንዲህ ያለው ጥያቄን ሳይጠፋ ከመሥሪያ ቤት ወደ መሥሪያ ቤት የማሳለፍ ሐሳብ በትልቁም ሥራ አለ፤ አስመጪዎች ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በኤሌክትሮኒክ አንድ መስኮት አገልግሎት የሚያቀርቡት የፈቃድ ማመልከቻ አንድ ጊዜ ገብቶ ወደየሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች የሚከፋፈለው በተመሳሳይ መንገድ ነው።

ለእያንዳንዱ ወረፋ የሰዓት ገደብ ማድረግም ያስፈልጋል። እኛ ዘንድ አንድ ትእዛዝ ሁለት ሰዓት ሙሉ ማንም ሳያነሣው ከቆየ ለእኔ መልእክት ይደርሰኛል፤ ተነሥቶ እስከ ማግሥቱ ካልተፈጸመም እንደዚሁ። መልእክቱ የሚመጣው ለመክሰስ አይደለም፤ የያዘው ሰው ምን እንዳጋጠመው ለመጠየቅ ነው።

ሠራተኞቹ በመጀመሪያ የጋራ ወረፋን የጠሉት በገንዘብ ምክንያት ነው፤ ይህንንም ሳላስታውስ ማለፍ አልፈልግም። የሽያጭ ሠራተኛ ደንበኛ ባመጣ ቁጥር ኮሚሽን የሚያገኝ ከሆነ፣ ደንበኛውን ወደ ጋራ ወረፋ አስገባ ማለት እንጀራህን ለሌላ አካፍል እንደ ማለት ይሰማዋል። ስሜቱ ትክክል ነው። ከዚህ በላይ የጠቀስሁት የባለቤትነትና የሠሪነት ልዩነት የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ደንበኛውን ያመጣው ሰው ስም በደንበኛው መዝገብ ላይ ይኖራል፤ ኮሚሽኑም በዚያ ይታሰባል። የዛሬውን ትእዛዝ ያስተናገደው ሰው ስም ደግሞ በትእዛዙ ላይ ይጻፋል። ባለ ደንበኛው ለቅሶ ቢሄድ ሌላው ያስተናግድለታል፤ ሲመለስም ደንበኛውን እንደ ጥንቱ ያገኘዋል። ይህ በግልጽ ተነግሮ፣ ተጽፎ፣ በባለቤቱ ከተፈረመበት በኋላ በኪስ የሚደበቅ ትእዛዝ ቀነሰ። ሳይነገር ቢቀር ግን ሶፍትዌሩ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን ወረፋው ባዶውን ይቀመጣል።

ሌላው ክፉ ልማድ መምረጥ ነው። ወረፋው ለሁሉ ሲታይ ሠራተኛ ሁሉ ቀላሉንና ትልቁን ያነሣል፤ የተሰበረ ጀሪካን ቅሬታና የሁለት ካርቶን ትእዛዝ ግን ከታች ይቀራሉ። ለዚህ መድኃኒቱ መጀመሪያ የገባው መጀመሪያ ይነሣ የሚል ደንብ ነው። ደንቡ ካልተከበረ ደግሞ አንዳንዶቹ ሶፍትዌሮች ዝርዝሩን ሳያሳዩ ቀጣዩን ሥራ ራሳቸው ለተለቀቀው ሠራተኛ ሊያድሉ ይችላሉ። እኛ እስከዚህ አልደረስንም፤ የቅሬታ ወረፋው ግን አሁንም የሚያነሣው አጥቶ ብዙ ጊዜ እኔው ላይ ይወድቃል።

አሁን አንድ የሚከብድ ነገር ልናገር። በንግድ ቤት ውስጥ ወረፋን ከሁሉ አስቀድሞ የሚያፈርሰው ሠራተኛው ሳይሆን ባለቤቱ ነው። ይህን የምጽፈው አሠሪዬ አንብበው ስለ ፈቀዱልኝ ነው። ወዳጅ ነጋዴ በቀጥታ ይደውልላቸዋል፤ እርሳቸውም ወደ መጋዘን ደውለው «ለእገሌ ዛሬውኑ ጫንለት» ይላሉ። አንድ ቀን «ጋሼ፣ እኒህ ሰው ዘጠነኛ ናቸው፤ ከፊታቸው ስምንት ሰው አለ» ብላቸው፣ «ይህ ሰው የሃያ ዓመት ደንበኛዬ ነው» አሉኝ። የስምንቱን ዝርዝር አትሜ ሰጠኋቸው። አራተኛው እርሳቸው ራሳቸው የሚያውቁት፣ ከሃያ ዓመትም በላይ ከቤቱ ሲገዛ የኖረ፣ ነገር ግን ለመደወል የሚያፍር የኩታበር ባለሱቅ ነበር። ወረቀቱን ለረዥም ጊዜ ሲመለከቱት ቆዩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መደወላቸውን አልተዉም፤ ዳሩ ግን የሚደውሉት ወደ መጋዘን መሆኑ ቀርቶ ወደ እኔ ሆኗል፤ ትእዛዙም ምክንያቱ ተጽፎበት ይቀደማል። የተጻፈ ቅድሚያ ከአፍ ቅድሚያ ይሻላል፤ ቢያንስ በወሩ መጨረሻ ስንት ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል።

ስለ ቅድሚያ አስመጪዎች ከማንም በላይ የሚያውቁት ምሳሌ አለ። እስከ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ድረስ ባንኮች የውጭ ምንዛሪ ጥያቄን በተራ እየመዘገቡ፣ በብሔራዊ ባንክ መመሪያ ነዳጅን፣ መድኃኒትን፣ ማዳበሪያንና የመሳሰለውን እያስቀደሙ ያድሉ ነበር። በዚያ ቀን በወጣው ማሻሻያ ይህ የድልድል ደንብ ቀርቷል። በዚያ ዘመን በሰልፍ ላይ የነበረ ነጋዴ ሁሉ እንደሚያስታውሰው፣ ሰውን ያስመረረው የጥበቃው ርዝመት ብቻ አልነበረም፤ ስንተኛ እንደ ሆነ ወይም ተራው ወደፊት ይሂድ ወደ ኋላ አለማወቁ ጭምር ነበር። በእኛም ትንሽ ወረፋ ደንበኛው «ስንተኛ ነኝ?» ብሎ ሲጠይቅ እውነተኛ ቁጥር ሊነገረው ይገባል። የቅድሚያውም ዐይነት ጥቂት ይሁን። እኛ ሁለት ብቻ አለን፤ የሚበላሽ ዕቃና የገበያ ቀኑ የቀረበ ደንበኛ። የሰኞው የባቲ ገበያ ካለፈ በኋላ የደረሰ ዕቃ ለባቲ ነጋዴ አንድ ሳምንት የተኛ ገንዘብ ነውና።

ባለቤቶች ስለ ወረፋው ሁልጊዜ ሊያውቁት የሚገባ አንድ ቀላል ሒሳብ አለ። አሜሪካዊው ጆን ሊትል እ.ኤ.አ. በ1961 እንዳረጋገጠው፣ ሥራው በአንድ መጠን በሚሄድበት ጊዜ ያልተፈጸሙት ጥያቄዎች ብዛት በቀን ለሚገቡት ቢካፈል የአንዱ ጥያቄ አማካይ ቆይታ ይገኛል። 36 ያልተፈጸመ ትእዛዝ ካለና በቀን 12 የሚገባ ከሆነ፣ ሠራተኛው የፈለገውን ቢናገር ደንበኛ በአማካይ ሦስት ቀን ይጠብቃል ማለት ነው።

መዝገቡ የት ይቀመጥ የሚለው ጥያቄ በእኛ አገር ቀላል አይደለም። በ2014 ዓ.ም. በጥቅምትና በኅዳር ወራት ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ የብዙ ንግድ ቤቶችና መሥሪያ ቤቶች ዕቃ፣ ወረቀትና ኮምፒዩተር ጠፍቷል። የእኛም የዱቤ መዝገብ ከጠፉት አንዱ ነው። ከተማው ከተረጋጋ በኋላ ብዙ ደንበኞች ራሳቸው መጥተው «ይህን ያህል ነበረብኝ» እያሉ ከፍለውናል፤ ይህን ሳስብ ዛሬም ልቤ ይነካል። ዳሩ ግን የደንበኛ ቅንነት የመዝገብ ምትክ ሊሆን አይገባም። መዝገቡ በኢንተርኔት በኩል በሌላ ቦታ የሚቀመጥ ከሆነ ቢያንስ ከዝርፊያና ከእሳት ይድናል። በሌላ በኩል ደግሞ በ2015 ዓ.ም. መገባደጃ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት መቆየቱን አንረሳም። ስለዚህ በየቀኑ ጥዋት ሥራ ሲጀመር የሦስቱን ወረፋዎች ዝርዝር በወረቀት አትሜ አንዱን በደሴ፣ አንዱን በኮምቦልቻ አስለጥፋለሁ። መስመሩ ቢቋረጥ በዚያው ወረቀት ላይ በእጅ እየጻፍን እንቀጥላለን፤ ሲመለስ ወደ ኮምፒዩተሩ እንገለብጠዋለን። ጥዋት ጥዋት ወረቀት ማተም ኋላ ቀርነት መስሎ የሚታየው ሰው አይጠፋም፤ እኔ ግን አልተውም።

በወረቀቱ ላይ ስምና ዕቃ እንጂ የዕዳ መጠን አይጻፍም። በሶፍትዌሩም ቢሆን የደንበኛን ዕዳ የሚያዩት ሒሳብ ሹሙና ዱቤ የሚፈቅደው ሰው ብቻ ናቸው። ወረፋው የጋራ ነው ማለት የሰው ምሥጢር የጋራ ነው ማለት አይደለም፤ ስለ ግል መረጃ ጥበቃ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰዎችን መረጃ የሚይዝ ሁሉ እንዲጠነቀቅበት የሚያስገድድ በመሆኑ፣ የተጠቃሚዎችን ፈቃድ ከመጀመሪያው ለይቶ መወሰን ይገባል።

ስለ ወጪው፣ ከውጭ የሚገዙት ሶፍትዌሮች አብዛኛውን ጊዜ በተጠቃሚ ብዛት በየወሩ በውጭ ምንዛሪ የሚከፈልባቸው ናቸው። ከ2016 ዓ.ም. ሐምሌ በኋላ ዶላር በብር ሲመነዘር በጥቂት ወራት ውስጥ በእጥፍ ገደማ ስለ ጨመረ ሒሳቡም እንደዚያው ጨምሯል። ኦዱ በነፃ የሚገኝ እትም አለው፤ ዳሩ ግን ለቅሬታና ለአገልግሎት ጥያቄ የተዘጋጀው ክፍል ያለው በሚከፈልበት እትም ነው። ሁለት ሰው ብቻ ያለው ሱቅ ግን ከዚህ አንዱም አያስፈልገውም። አምስት ዓምድ የተሰመረበት ደብተር፣ ማለትም ቁጥር፣ የገባበት ሰዓት፣ ጥያቄው፣ ያነሣው ሰው ስምና የተፈጸመበት ሰዓት የሚጻፍበት፣ ይበቃዋል። ይህን ደብተር ለሦስት ወር በትክክል መጠበቅ ያልቻለ ንግድ ቤት ሶፍትዌር ቢገዛ ገንዘቡን አባከነ።

በመጨረሻ ለጀማሪዎች ስለ ሰዓት አቆጣጠር ላሳስብ። ሶፍትዌሩ ሰዓትን የሚቆጥረው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። በመጀመሪያው ወር አንድ ጭነት እስከ ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት እንዲፈጸም ገደብ ተሰጥቶት በገጹ ላይ 2:00 ተብሎ ታየ። መጋዘን ጠባቂያችን ሥራ የገባው በ3 ሰዓት ነበርና «ይህማ ጊዜው ያለፈበት ነው» ብሎ ወደ ጎን አስቀመጠው። ዛሬ ገጹ 14:00 ብሎ እንዲያሳይ ስላደረግን፣ ስድስት መቀነስ ብቻ ይበቃል። የሥራ ቀንና ሰዓትም ለሶፍትዌሩ መነገር አለበት፤ አለዚያ እሑድን ሙሉ ሲቆጥር ያድርና ሰኞ ጥዋት በሠራተኛው ላይ ሁሉ ዘገየ ብሎ ይጽፍበታል። ዓርብ ለጁምዓ ሶላት የምንዘጋባቸውን ሰዓቶች፣ ገናን፣ ጥምቀትንና ፋሲካን አስቀድሜ አስገብቻለሁ። ኢድ አልፈጥር ግን በጨረቃ ስለ ሆነ አስቀድሞ ማስገባት አይቻልም፤ ማታ ጨረቃ ታየች ሲባል ስልኬን ከፍቼ የወረፋውን ሰዓት በእጄ አቆማለሁ።